የጠፋችው የምርጫ ወረቀትና የአያቴ ሜዳይ

ባለፈው ወር በዚህ አምድ፣ በየሜይ ወር በደቡብ ለንደን አንድ የምርጫ ጣቢያ ውስጥ ስም እያየሁ ወረቀት እንደማድል ጠቅሼ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚደርሰኝ ደብዳቤ ሁሉ ስለ ምርጫ ሆነ። በመሃል ግን አንድ ስለ ወታደር ሜዳሊያ የሚጠይቅ ደብዳቤ መጣ። እሱን ሳነብ አባቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እሱ ላይ ትንሽ ከረዘምኩ ምክንያቴ ይኼ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አሥር ዓመት ሙሉ ድምፅ የምንሰጠው ልጆቼ በተማሩበት ትምህርት ቤት ነበር። አሁን በፖስታ የመጣው ወረቀት ግን የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሂዱ ይላል። አዳራሹ ዳገት ላይ ነው፤ እናቴ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ለመሆኑ ቦታውን የሚወስነው ማነው? ይባስ ብሎ ያቺን ወረቀት የት እንዳደረግኳት ጠፋኝ። (እህት፣ ከሰሜን ለንደን)

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፣ ሰው እቤት የሚቀረው በእሱ ስለሆነ። አገር ቤት የምርጫ ካርድ ያልያዘ ድምፅ አይሰጥም። ካርዱን እንደ መታወቂያ ጠብቀን ነው ያደግነው። እዚህ ፖል ካርድ የሚሉት ግን ማስታወቂያ ብቻ ነው። የት እንደምትሄጂ ይነግርሻል፣ በቃ። ስምሽ መዝገቡ ላይ ካለና መታወቂያ ከያዝሽ ያለ ወረቀቱ ትመርጫለሽ። አንድ ዓመት፣ ማታ ልንዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረን፣ አንድ ያገሬ ሰው እያለከለከ ገባ። ከጠዋት ጀምሮ ቤቱን ሲያገላብጥ ነው የዋለው። ካርዷን አጥቷት፣ በመጨረሻ ሚስቱ «ዝም ብለህ ሂድና ጠይቅ» ብላው ነው የመጣው። ስሙን ነገረኝ፣ መንጃ ፈቃዱን አየሁ፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ቀኑን ሙሉ ያንን ሁሉ ጭንቀት መሸከሙ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ቦታውን የሚመርጠው ካውንስሉ ነው። ሰፈሩን በክፍል በክፍል ይከፍልና ለእያንዳንዱ ክፍል መምረጫ ቦታ ይሰይማል። ይህን በየአምስት ዓመቱ እንደገና የማየት ግዴታ አለበት። ያለፈው ዙር ያለቀው በጃንዋሪ 2025 ነው። የሚቀጥለው በኦክቶበር 2028 ይጀምራል። በመካከልም ቢሆን መቀየር ይችላል።

ትምህርት ቤቶችን በተመለከተ ሕጉ ለካውንስሎች ይመቻል። በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ትምህርት ቤት ክፍሉን ያለ ኪራይ መስጠት አለበት፤ የሚከፈለው የመብራትና የማሞቂያው ነው፣ የተበላሸ ነገር ካለም የእሱ። ነገር ግን ምርጫው ሐሙስ ስለሚውል ትምህርት ቤቱ ያን ቀን ሲዘጋ ወላጅ ከሥራ ይቀራል። ስለዚህ ብዙ ቦታ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ሰፈር ማኅበር ቤት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ያዛውራሉ። እኔ ራሴ አንድ ዓመት መኪና ማቆሚያ ላይ በቆመ ካራቫን ውስጥ ሠርቻለሁ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ሰው የሚናገረው ስም አይሰማም ነበር። ደግሞ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ስለሆነ የሚከፋው ካለ፣ የዚያን ቀን እዚያ ጸሎት የለም። ጠረጴዛ፣ ሳጥንና በክር የታሰረ እርሳስ ነው ያለው። እርሳሱን ካላመንሽ የራስሽን እስክሪብቶ ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ።

ለእናትሽ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በፖስታ መምረጥ ነው፤ ማመልከቻው ከምርጫው 11 የሥራ ቀን በፊት መግባት አለበት። ሁለተኛው አብረሻት መሄድ ነው። ብቻዋን ምልክት ማድረግ የሚያቅታት ከሆነ 18 ዓመት የሞላው ሰው ሊረዳት ይችላል። ወንበርም አለ፣ ዝቅ ያለ መጻፊያም አለ፤ ጠይቂ፣ አትፈሪ። ጣቢያው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ክፍት ነው። ሲዘጋ ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ይመርጣል።

ስለ ዳገቱ ግን ለካውንስሉ ጻፊ። «ሩቅ ነው» ብቻ ብለሽ አትተዪው። ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ አውቶቡሱ የት እንደሚያወርድ፣ እናትሽ ስንት ጊዜ ቆማ ማረፍ እንዳለባት ጻፊ። በአምስት ዓመቱ ክለሳ ጊዜ የሰው አስተያየት መቀበል ግዴታቸው ነው። ክለሳው አልቆም ቅር ካለን፣ ከምርጫ ክልሉ 30 መራጮች ተፈራርመው ጉዳዩን ወደ ምርጫ ኮሚሽን መውሰድ ይችላሉ። ሠላሳ ሰው ከአንድ ሰንበቴ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ካርዲፍ ነው። ስደተኝነቴ ተቀባይነት አግኝቶ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፣ የእንግሊዝ ዜግነት ግን የለኝም። ከካውንስል «ተመዝገቢ» የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። በስህተት ነው ብዬ ጣልኩት። (ትዕግሥት ነኝ በይኝ)

መልስ፦ ትዕግሥትዬ፣ በስህተት አይደለም! እንግሊዝ ውስጥ ብትሆኚ ኖሮ ልክ ነበርሽ። እዚያ የኢትዮጵያም የኤርትራም ዜጋ በካውንስል ምርጫ አይመርጥም። ኬንያዊ ጎረቤትሽ ግን የኮመንዌልዝ ዜጋ ስለሆነ ይመርጣል። ዌልስ ግን ሌላ ነው። ሕጋዊ መኖሪያ ያለው የውጭ አገር ሰው ለዌልስ ፓርላማም ለካውንስልም ይመርጣል፣ ያውም ከ16 ዓመቱ ጀምሮ። ስኮትላንድም እንዲሁ ነው። በሁለቱም በእነዚህ ምርጫዎች ፎቶ ያለው መታወቂያ እንኳ አይጠየቅም። ለዌስትሚኒስተር ፓርላማ ግን አትመርጪም። ደብዳቤውን ከቅርጫቱ አውጪው፤ ከተጣለም በኢንተርኔት ትመዘገቢያለሽ። ከምርጫው 12 የሥራ ቀን በፊት ይሁን እንጂ።

ጥያቄ፦ መዝገቡ ላይ ስሜ እስከ አያቴ ሦስት ነው፤ መንጃ ፈቃዴ ላይ ሁለት ብቻ። ይመልሱኝ ይሆን? (ከሊድስ)

መልስ፦ እንግሊዝ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ ፎቶ ያለው መታወቂያ ያስፈልጋል። የአያት ስም በመጉደሉ ብቻ እኔ የመለስኩት ሰው የለም። ውሳኔው የጣቢያው ኃላፊ ነው፤ የሚያየው ሰውየው ያው መሆኑን ነው። ስምህ ጨርሶ ከተቀየረ ግን የሚያሳይ ማስረጃ ያዝ። ጊዜው ያለፈበት ፓስፖርት ይሠራል፣ ፎቶው አንተን እስከመሰለ ድረስ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ምንም ከሌለህ ካውንስሉ በነፃ የመራጭ ማረጋገጫ ይሰጥሃል፤ ከምርጫው 6 የሥራ ቀን በፊት አመልክት። ፊታቸውን ለሚሸፍኑ እህቶቻችን ደግሞ መከለያና መስታወት አለ፣ ሴት ሠራተኛ እንድታያቸውም መጠየቅ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ አያቴ የቃኘው ሻለቃ ወታደር ነበሩ። ኮሪያ ዘምተው በሰላም ተመለሱ፣ ካረፉም ቆዩ። ሁለት ሜዳሊያዎቻቸው እኔ ጋ ናቸው፤ አንዱ የተባበሩት መንግሥታት ነው። በጦርነት የሞቱት በሚታሰቡበት በኖቬምበር የመታሰቢያ እሁድ ደረቴ ላይ ባደርጋቸው ደስ ይለኛል። የሥራ ባልደረባዬ «ያንተ ያልሆነ ሜዳሊያ ማድረግ ወንጀል ነው፣ ፖሊስ ይይዝሃል» አለኝ። እውነት ነው? ሦስተኛዋ ጠፍታለች፤ የእንግሊዝ መከላከያ ሊተካልኝ ይችል ይሆን? (ወንድም፣ ከማንችስተር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አድርጋቸው። በቀኝ ደረትህ በኩል።

ጠቅላላ ነገሩ ይኼ ነው። ግራ ደረት ራሱ ለዘመተው፣ ለተሸለመው ነው። ልጅና የልጅ ልጅ የሟቹን ሜዳሊያ በቀኝ በኩል ያደርጋል። ይህ በሕግ የተጻፈ ሳይሆን የኖረ ልማድ ነው፤ የድሮ ወታደሮች ግን በጣም ያከብሩታል። በቀኝህ ካደረግከው ያየህ ሁሉ ወዲያው ይገባዋል፤ «የማን ናቸው?» ብሎ ይጠይቅሃል። ያኔ ስለ አያትህ ትነግረዋለህ።

ባልደረባህ ከባዶ አልተነሣም። በ1955 የወጣው የእንግሊዝ ጦር ሕግ ያልተሸለሙትን ሜዳሊያ ማድረግን ወንጀል ያደርገው ነበር። በ2006 አዲስ ሕግ ሲተካው ያ አንቀጽ አልተመለሰም። በ2016 አንድ የፓርላማ አባል ሊመልሰው ረቂቅ አቅርቦ ነበር፤ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ዛሬ የሚያስጠይቀው በሜዳሊያው አታሎ ገንዘብ ወይም ጥቅም ማግኘት ነው። የንጉሡ ፈቃድ ያስፈልጋል ሲባል ከሰማህም፣ እሱ የውጭ መንግሥት ሽልማት ራሱ ለሚቀበል የእንግሊዝ ዜጋ ነው። አንተ የምታደርገው የአያትህን ነው።

አሁን ያቺን የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያ አውጣና ብርሃን ላይ ያዛት። ጥብጣቧ ቀጫጭን ሰማያዊና ነጭ መስመር ነው። ከላይ ያለችውን የነሐስ ዘንግ እይ። «ኮሪያ» ይላል፣ በእኛው ፊደል። ድርጅቱ ይህችን ሜዳሊያ በዘማቾቹ አገሮች ቋንቋዎች አሠርቷት ስለነበር አማርኛም ደረሰው። እኔ አባቴ ደረት ላይ በልጅነቴ ያነበብኳት የመጀመሪያ ቃል እሷ ትመስለኛለች።

አባቴ የክብር ዘበኛ ነበር፤ ከሁለተኛው ቃኘው ጋር ነው የዘመተው። እሱ ሜዳሊያ አይልም፣ «ሜዳይ» ነው የሚለው። የመጀመሪያዎቹ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጃንሆይ ዓርማ ተቀብለው፣ ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥተው ፑሳን ገቡ። ከ120 በላይ ሰው እዚያ ቀረ፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። አባቴ ይህን ሲናገር «አንድም» የምትለዋን ቃል ጣቱን ቀስሮ ነበር የሚላት። ደርግ ሲመጣ ወዳጅነቱ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሆነ። የደቡብ ኮሪያ ዘማች መሆን የሚያኮራ ሳይሆን የሚደበቅ ነገር ሆነ። እናቴ ሜዳዩን በላስቲክ ጠቅልላ የሽሮ ቆርቆሮ ውስጥ ቀበረችው። እዚያ ውስጥ ዓመታት ኖረ። ዛሬም ጥብጣቡን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የኮረሪማና የበሶ ብላ ሽታ አለው። ስለዚህ አንተ በአደባባይ ልታደርገው ስትነሣ አንድ ተራ ሰው «ፖሊስ ይይዝሃል» ብሎ ዳግመኛ ቆርቆሮ ውስጥ እንዲከተው አልፈልግም።

ስለጠፋችው። የእንግሊዝ መከላከያ የሜዳሊያ ቢሮ የሚተካው የእንግሊዝን ሜዳሊያ ብቻ ነው። ቢሮው ግሎስተር፣ ኢምጂን በሚባል የጦር ሰፈር ውስጥ ነው። ኢምጂን የኮሪያ ወንዝ ነው፤ በኤፕሪል 1951 እንግሊዞች ብዙ ሰው ያጡበት። ያኔ የመጀመሪያው ቃኘው ገና ባሕር ላይ ነበር። አንተ ግን አዲስ አበባ ዘመድ ካለህ አፍንጮ በር ወዳለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ላከው። የአያትህን ሙሉ ስምና ማዕረግ፣ የዘመቱበትን ሻለቃ ጽፈህ ስጠው። ከገበያ ተመሳሳይ ገዝተህ ከእሳቸው ጋር አትስፋ፤ የሳቸውና የሌላ ሰው ይቀላቀላል።

አንድ ነገር ልለምንህ። አታጥራቸው። ያ የሚያብለጨልጭ የብረት ማጽጃ ጽሑፉን ይበላዋል፤ ጥብጣቡንም ውኃ አታስነካው። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ከወንድሞችህ ጋርም አንድ ለአንተ አንድ ለኔ ብላችሁ አትከፋፈሏቸው። አንድ ላይ ይሁኑና በተራ አድርጓቸው። ለድምፅ መስጫ ቀንም ላድርጋቸው ብትል የሚከለክልህ የለም፤ ጣቢያ ውስጥ የሚከለከለው የፓርቲ ቅስቀሳ ነው።

እሁዱ የኖቬምበር ሁለተኛው ነው። ጸጥታው ጠዋት በእኛ 5 ሰዓት ላይ ስለሆነ ቀደም ብለህ ድረስ። ካፖርትህን ግን ከላይ አትደርብበት፤ ብርድ ከሆነ ሹራቡን ከውስጥ ልበስ።