ኖቬምበር ላይ ለኤልክ አደን ተራራ የምትወጡ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። የምኖረው ኮሎራዶ ነው። ዘንድሮ ለመጨረሻው የጠመንጃ ወቅት፣ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ላለው ማለቴ ነው፣ የኤልክ (የትልቁ አጋዘን) አደን ፈቃድ ደርሶኛል። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ድንኳን ተክለን ልንሰነብት ነው። እስካሁን ያደንኩት ኦክቶበር ላይ፣ አየሩ ደህና በሆነበት ጊዜ ነው። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ወፍራም ጃኬት ግዛ» ይለኛል። ዝግጅቱ በቃ ይሄ ነው? ከባድ በረዶ ከያዘንስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጃኬቱን ግዛ። ግን እሱን ለብሰህ ዳገት እንዳትወጣ። እኔ ከብርዱ ይልቅ የምፈራልህ ላብህን ነው። አዳኝ ገና ሳይነጋ ተነስቶ በጨለማ ዳገቱን ይወጣል፣ ጀርባው በላብ ይርሳል፣ ከዚያ ጫፉ ላይ ቁጭ ብሎ በመነጽር ሲያስስ ረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። ነፋሱ ያን ጊዜ ነው የሚያገኘው። ቴርሞሜትሩ 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲል በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ካለ፣ ገላህ የሚሰማው 21 ከዜሮ በታች ያህል ነው። ይሄ በእርጥብ ልብስ ላይ ሲጨመር ደግሞ አስበው።

ስለዚህ ስትነሳ ትንሽ ብርድ ብርድ እያለህ ጀምር፣ መንገዱ ራሱ ያሞቅሃል። ከገላህ ጋር የሚገናኘው ልብስ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሁን። ጥጥ እርጥበቱን ይዞ ስለሚቀር፣ ጂንስና የጥጥ ካናቴራ ቤት ይቅሩ። ቅያሪ ካናቴራና ካልሲ ውሃ በማያስገባ ፌስታል አድርገህ ያዝ። ጫፍ ላይ ስትደርስ ቀይረህ፣ ጃኬቱን ሳይበርድህ በፊት ልበስ፤ ከበረደህ በኋላ ብትለብሰው ለመሞቅ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ፦ የኮሎራዶ ሕግ በጠመንጃ ወቅት ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ፣ ከነኮፍያው፣ ከላይ እንዲታይ ያዛል። ሰደርያውን ስትገዛ በወፍራሙ ጃኬት ላይ የሚገባ ሰፊ ምረጥ።

የአየር ትንበያውን በተመለከተ፣ ስልክህ የሚያሳይህ ሸለቆ ውስጥ ያለውን ከተማ ነው። 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣህ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ከተማው ላይ ዝናብ የተባለው እናንተ ጋ በረዶ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ድረ ገጽ ላይ ካርታ አለ፤ ድንኳን የምትተክሉበትን ቦታ ስትጫነው የዚያኑ ከፍታ ትንበያ ይሰጥሃል። ከመነሳታችሁ በፊት የመጨረሻው ሥራችሁ ይሄ ይሁን።

ድንኳኑን ሸለቆው ወለል ላይ፣ ወንዙ ዳር አትትከሉት፤ ማታ ቀዝቃዛ አየር ወርዶ የሚተኛው እዚያ ነው። ጫፉ ላይም አትትከሉ፣ ነፋስ አለ። መሀል ላይ ሜዳ ቢጤ ፈልጉ። ቀና ብላችሁም እዩ፣ የኮሎራዶ ጫካ ጢንዚዛ የጨረሰው የደረቀ ዛፍ ሞልቶታል፣ ነፋስና በረዶ ሲደርብበት ይወድቃል። ድንኳን ውስጥ ከሰል እንዳታነዱ፣ የጋዝ ማሞቂያም ለኩሳችሁ እንዳትተኙ። ከነሱ የሚወጣው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ይገድላል፣ ሽታም የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። ከባድ በረዶ ከመጣ ውረዱ። ብዙ አዳኝ «ይህን ያህል ለፍቼ፣ ፈቃዱንም በስንት ወረፋ አግኝቼ» እያለ እላይ ይቆያል፤ እኔ ግን እንደ ኪሳራ አላየውም። ኤልኩም ይወርዳል። በረዶው ትንሽ ከሆነ በኮቴው እየጫረ ሣሩን ይበላል። ትልልቆቹ ወንዶች በተለይ፣ ከሩካቤው ወቅት ከስተው ስለሚወጡ፣ ሰው የማይደርስበት ጥቅጥቅ ያለ ቁልቁለት ጫካ ውስጥ ተደብቀው መቆየትን ይመርጣሉ። በረዶው ግማሽ ሜትር ገደማ ሲደርስ ግን መብላት ይከብዳቸውና ወደ ዝቅተኛው ቦታ ያመራሉ። ፈቃድህ የሚሸፍነው ክልል ውስጥ ዝቅ ያለ ቦታ ካለ አስቀድመህ በካርታ ለይተህ ያዘው። ስትወርድ አደኑን ይዘኸው ነው የምትወርደው።

መውረጃውን ግን ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩበት። ምን ያህል በረዶ ሲሆን ነው የምንነሳው? እዚያ ከሆናችሁ በኋላ አንዱ «እንሂድ»፣ ሌላው «አንድ ቀን ብቻ» ማለቱ አይቀርም። መኪናውን መንገዱ እስካለቀበት ድረስ አትንዱት፤ ዝቅ ብሎ፣ አፍንጫው ወደ መውጫው ዞሮ ይቁም። ፎር ዊል ነው ብለህ አትተማመን፣ ለአራቱም ጎማ ሰንሰለት ያዝና ቤት እያለህ ማሰሩን ተለማመድ። አካፋ ይኑር፣ ታንኩ ይሙላ። የት እንዳላችሁና መቼ እንደምትመለሱ ቤት ለቀረ ሰው ተናገሩ። ስልክ በብርድ ቶሎ ባትሪ ይጨርሳል፣ ኔትወርክም ላይኖር ይችላል፤ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ከሦስታችሁ አንዱ ይያዝ።

ጓደኛህ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ እጁ ዚፕ መዝጋት ካቃተው አደኑ እዚያ ላይ ይቁም። ደረቅ ልብስ፣ ነፋስ የማይገባበት ቦታ፣ ራሱን ካወቀ የሚጣፍጥ ትኩስ ነገር። ሳይሞቅ መንቀጥቀጡ ካቆመ ብሶበታል ማለት ነው፣ በፍጥነት እርዳታ ጥሩ።

ጥያቄ፦ ማታ ጠመንጃዬን ሞቃት ድንኳን ውስጥ ላስገባው ወይስ ውጭ ልተወው?

መልስ፦ ጥይቱን አውጥተህ፣ በረዶ በማይነካው ቀዝቃዛ ቦታ ቆልፈህ ተወው። ሙቀት ውስጥ ሲገባ ብረቱና መነጽሩ ላይ ጠል ይይዛል፣ ጠዋት ስታወጣው ያው ጠል በረዶ ይሆንና መቀርቀሪያው ይጣበቃል። ወፍራም ዘይትም በብርድ ይረጋል፤ ከጉዞው በፊት ጠርገህ ቀጭን ብቻ ቀባው። አፈሙዙ ላይ በረዶ እንዳይገባ የኤሌክትሪክ ቴፕ ለጥፍ፣ ቅያሪም ኪስህ ውስጥ ይኑር።