ትራኪንጉ «ደርሷል» ይላል፣ ገዢው «አልደረሰኝም» ይላል

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ያገለገለ የካሜራ ሌንስ ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት መገበያያ ላይ ሸጠሻል። ትራኪንጉ፣ ማለትም የእሽጉ መከታተያ፣ «ደርሷል» ካለ ቀናት አልፈዋል። ገዢው ግን እቃው እጄ አልገባም ብሎ አቤቱታ ከፍቶብሻል። አንቺም «ሌባ ነው መሰለኝ፤ ገንዘቡን ልመልስለት ወይስ ዝም ልበለው?» ብለሻል። እኔም የምሸጠው ያገለገሉ ካሜራዎችና ሌንሶች ነው፤ ዓመታት ሆኖኛል። እንዲህ ያለው ጉዳይ ደጋግሞ ገጥሞኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከሁሉ በፊት ዝም አትበዪው። ገንዘቡንም ዛሬ አትመልሺለት።

ዝምታው ለምን እንደሚጎዳሽ ልንገርሽ። ይህን አቤቱታ የሚያየው ሰው አንቺንም ገዢውንም አያውቅም። ማን እውነተኛ፣ ማን ውሸታም እንደሆነ ሊመረምር አይቀመጥም። የሚያየው ማስረጃና ቀን ነው። ኢቤይ ላይ ገዢው «አልደረሰኝም» ብሎ ከከፈተ በኋላ አንቺ መልስ የምትሰጪበት 3 የሥራ ቀን አለሽ። እሱ ካለፈ ገዢው ኢቤይ ጣልቃ እንዲገባ መጠየቅ ይችላል። ክፍያው በፔይፓል (በኢንተርኔት መክፈያው) ከሆነ ደግሞ ገዢው ከከፈለበት ቀን ጀምሮ እስከ 180 ቀን ድረስ ክርክር መክፈት ይችላል። ክርክሩን በ20 ቀን ውስጥ ወደ አቤቱታ ካላሳደገው ይዘጋል። ካሳደገው ፔይፓል ራሱ ይወስናል፤ ከአንቺም ማስረጃ ይጠይቃል። እቃው በትክክል ደርሶ፣ ማስረጃው በእጃቸው እያለ፣ መልስ ባለመስጠታቸው ብቻ የተሸነፉ ሻጮች አውቃለሁ። በጣም ያናድዳል። አንቺ ላይ እንዳይደርስ የመጨረሻውን ቀን አሁኑኑ ስልክሽ ላይ ያዢው።

ቀጥሎ ትራኪንጉን ክፈቺና መስመር በመስመር አንብቢው። ብዙ ሰው ከላይ ያለውን «ደርሷል» የሚለውን አይቶ ይዘጋዋል። ዋናው ነገር ያለው ግን ከሥሩ ነው። የትኛው ከተማ ደረሰ? የፖስታ ኮዱ ትዕዛዙ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው? በስንት ሰዓት? ለማን ተሰጠ? ለሰው በእጅ ነው፣ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ለጎረቤት ነው ወይስ በር ላይ ተቀምጦ ነው? አንዳንዴ የዴሊቨሪ ሠራተኛው እሽጉ ገና መኪና ላይ እያለ «ደርሷል» ብሎ ይመዘግበዋል፤ እቃው በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ይደርሳል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከተማው ትክክል ሆኖ ቤቱ የሌላ ሰው ይሆናል።

እቃው በፖስታ ቤት በኩል ወደ ሌላ አገር ከሄደ የትራኪንግ ቁጥሩን እዪው። ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አሃዝ፣ ከዚያ የላኪውን አገር የሚያሳይ ሁለት ፊደል ነው። ይህ የዓለም ፖስታ ኅብረት አሠራር ስለሆነ፣ ያንኑ ቁጥር ተቀባዩ አገር ባለው ፖስታ ቤት ድረ ገጽ ላይ ማስገባት ትችያለሽ። ብዙ ጊዜ እዚያ የተሻለ ዝርዝር ይገኛል። የመጀመሪያው ፊደልም የሚነግርሽ ነገር አለ። በአር (R) የሚጀምር ሪኮማንዴ ነው፣ በኢ (E) የሚጀምር ኢኤምኤስ የሚባለው ፈጣን ፖስታ፣ በሲ (C) የሚጀምር የእሽግ ፖስታ። በዩ (U) የሚጀምረው ተራ አነስተኛ ፖስታ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ስለመድረሱ ማረጋገጫ አይሰጥም። ቁጥር አለኝ ብለሽ የተማመንሽበት ነገር ማስረጃ የማይሆነው እንዲህ ሲሆን ነው።

አሁን አጓጓዡን አናግሪው። እዚህ ላይ ብዙ ሻጮች «ገዢው ሄዶ ይጠይቅ» ይላሉ። ገዢውም ይጠይቅ፣ ጥሩ ነው። ውል የገባሽው ግን አንቺ ነሽ፤ የከፈልሽው አንቺ ነሽ። የሚመልሱትም ለላኪ ነው፤ ተቀባዩን ብዙ ጊዜ «ላኪህን ጠይቅ» ብለው ይሸኙታል። በአገልግሎት መስጫ ገጻቸው የጠፋ እቃ ፍለጋ የሚጠየቅበት ቅጽ አለ፤ እሱን ሙዪ። «እሽጉ የት ነው?» ብለሽ አትተዪው። የማድረሻ ማረጋገጫ ይስጡኝ በዪ፤ ፊርማ ካለ ፊርማውን፣ ፎቶ ካለ ፎቶውን። ብዙዎቹ አጓጓዦች እቃው ሲደርስ የተመዘገበበትን ቦታ በጂፒኤስ ይይዛሉ። እሱም ይታይልኝ በዪ። ካርታውን ራሱን ላይሰጡሽ ይችላሉ፤ ግን «ከአድራሻው ጋር ይገጥማል» ወይም «አይገጥምም» የሚለውን በጽሑፍ ከመለሱልሽ ትልቅ ነገር ነው። ለዓለም አቀፍ ፖስታ ይህ ጥያቄ የሚቀርበው እቃው ከተላከበት ቀን ማግስት ጀምሮ ባለው 6 ወር ውስጥ ነው። ስድስት ወር ረጅም መስሎሽ አትዘግዪ። የሠራተኛው ትዝታ እንደ ሰነዱ አይቆይም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ገዢ በጣም ተቆጥቶ ጻፈልኝ። ትራኪንጉ ደርሷል ይላል፣ እሱ ምንም አላየሁም ይላል። አጓጓዡን ስጠይቅ የተመዘገበው ቦታ ከሱ ሕንፃ ጎን ያለው ሕንፃ ሆኖ ተገኘ። ለገዢው ይህንኑ ጻፍኩለት። ሄዶ ጠየቀ፤ ካሜራው የጎረቤት ሕንፃው ጥበቃ ጋ ተቀምጦ ነበር። ያ ሰው ሌባ አልነበረም። እኔ የማምነው አብዛኞቹ «አልደረሰኝም» የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን እንደሆነ ነው። ገንዘባቸውን ከፍለው ባዶ እጃቸውን የቀሩ ሰዎች ናቸው። አታላይ የለም እያልኩ አይደለም፤ አለ። ግን ለእውነተኛውም ለአታላዩም የምትሠሪው ሥራ አንድ ነው፤ ማስረጃ መሰብሰብና በሰዓቱ መመለስ። «ሌባ» ብለሽ ከጻፍሽ ግን ያ ጽሑፍ ፋይሉ ውስጥ ይቀራል፤ ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ያነበዋል።

ለገዢው እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው። ከፈለግሽ ውሰጂው፦

«ሰላም። እቃው እጅዎ ባለመግባቱ አዝናለሁ። ትራኪንጉ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እንደደረሰ ይገልጻል። የት እንደተቀመጠ ለማወቅ አጓጓዡን ዛሬ ጠይቄያለሁ። እስከዚያው ከቤተሰብ፣ ከጎረቤት ወይም ከሕንፃው ሠራተኞች የተቀበለልዎት ሰው እንዳለ ቢጠይቁልኝ። ትዕዛዙ ላይ ያለው አድራሻ ሙሉና ትክክል መሆኑንም ያረጋግጡልኝ። አጓጓዡ የሚለኝን እስከ ዓርብ እጽፍልዎታለሁ።»

አየሽ፣ «ደርሶዎታል» አላልኩም፤ ትራኪንጉ የሚለውን ብቻ ነው የነገርኩት። ቀኑንም ቆርጬ ነገርኩት። ዓርብ ሲደርስ አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ ጻፊለት። ሰው የሚናደደው በመዘግየቱ ብቻ አይደለም፤ የሚመልስለት ሲያጣ ነው። ደግሞ ሁሉንም በኢቤይ መልእክት ብቻ አድርጊው። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እናውራ ቢልሽ በትህትና እምቢ በዪ። እዚያ የተባለው ነገር ፋይሉ ውስጥ አይገባልሽም።

ውጤቱ ምን ይሆናል? ትራኪንጉ መድረሱን፣ የደረሰበትን ቀንና ቢያንስ ከትዕዛዙ ጋር የሚገጥም ከተማ ወይም የፖስታ ኮድ ካሳየ፣ ኢቤይ አብዛኛውን ጊዜ ከሻጩ ጋር ይቆማል። ግን የሌንሱን ዋጋ አልጻፍሽም። ጠቅላላ ክፍያው 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ የተቀባይ ፊርማ ይፈለጋል። ፔይፓልም የሻጭ ጥበቃ ለመስጠት በዚሁ መጠን ፊርማ ይጠይቃል። ፊርማ ከሌለሽ «ደርሷል» የሚለው ብቻ ላያድንሽ ይችላል። ከዚህ በታች ከሆነና አድራሻው ከገጠመ፣ ፈርተሽ ገንዘብ አትመልሺ። ማስረጃውን አቤቱታው ውስጥ አስገቢ፣ አጓጓዡ የመለሰልሽን አያይዢ፣ ጠብቂ። መጥፎ ሪቪው እሰጥሻለሁ ብሎ ቢያስፈራራሽ መልእክቱን ሳትሰርዢ ለኢቤይ ሪፖርት አድርጊ።

እቃው መንገድ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ግን ምክሬ ተቃራኒ ነበር። «ለፖስታ ቤት ካስረከብኩ የኔ ኃላፊነት አበቃ» የሚለው አባባል ብዙ ቦታ ይሰማል። አይሠራም። በትልልቆቹ መገበያያዎች እቃው እስኪደርስ ድረስ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ለነጋዴዎች በሕግም የተጻፈ ቦታ አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ፣ ነጋዴው ራሱ እስከላከው ድረስ፣ እቃው ሸማቹ እጅ እስኪገባ የመጥፋቱ ስጋት የነጋዴው ነው ይላል። ስለዚህ ትራኪንጉ ቆሞ ከቀረና መድረሻው ቀን ካለፈ ገንዘቡን ቶሎ መልሺ፣ ከዚያ ኢንሹራንስሽን ወይም አጓጓዡን ጠይቂ። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ገዢውን «ኢንሹራንሱ እስኪከፍለኝ ጠብቅ» ማለት ተገቢ አይደለም። ኢንሹራንስ ስትጠይቂ የሽያጩን ደረሰኝና የላክሽበትን ደረሰኝ ይፈልጋሉ። እነሱን የያዘ ሰው ይከፈለዋል፤ እኔ መንገድ ላይ ለጠፋብኝ ሌንስ የተከፈለኝ በነሱ ነው።

ገንዘብ መመለስ ካለብሽ ሁልጊዜ በተከፈተው አቤቱታ ውስጥ መልሺ። ይህን በደማቅ ቀለም ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። «አቤቱታውን እዘጋዋለሁ፣ አንቺ በባንክ ላኪልኝ» የሚል ገዢ ይመጣል። በባንክ ላክሽለት እንበል። አቤቱታው ግን እንደተከፈተ ነው፤ በዚያም በኩል ገንዘቡ ይመለስለታል። ሁለት ጊዜ ከፈልሽ ማለት ነው፤ ሌንሱም የለም። ምትክ እቃ መላክም እንደዚሁ ነው። አቤቱታው ሳይዘጋ ሁለተኛ እቃ አትላኪ።

ከኢቤይ ውጭ ገዢው በቀጥታ ወደ ባንኩ ሄዶ ቻርጅባክ ሊያደርግ፣ ማለትም ባንኩ ክፍያውን ከሻጩ እንዲመልስለት ሊጠይቅ ይችላል። በቪዛ ካርድ ከሆነ «እቃው አልደረሰም» የሚለው ምክንያት ኮዱ 13.1 ነው። እንዲህ ከሆነ የምታቀርቢው ማስረጃ ያው ነው፤ የማድረሻ ማረጋገጫ፣ የአድራሻው መግጠም፣ ያደረጋችሁት የመልእክት ልውውጥ። በአንዱ በኩል ገንዘብ ከመመለስሽ በፊት በሌላው በኩል የተከፈተ ነገር እንደሌለ እዪ።

አድራሻ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ገዢው ከከፈለ በኋላ «ቤት ቀይሬያለሁ፣ በዚህ አድራሻ ላኪልኝ» ብሎ በመልእክት ከጻፈልሽ አትላኪ። ፔይፓል የሚጠብቅሽ የክፍያው ዝርዝር ላይ ወዳለው አድራሻ ስትልኪ ብቻ ነው። ትዕዛዙ ይሰረዝና በአዲሱ አድራሻ እንደገና ይዘዝ። ገዢው እቃ ተቀብሎ ወደ ሌላ አገር የሚያስተላልፍ ድርጅት አድራሻ ተጠቅሞ ከሆነ ደግሞ፣ እቃው እዚያ ሲገባ ለገዢው እንደደረሰ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ቢጠፋ የኢቤይ የገንዘብ መመለስ ዋስትና አይሸፍነውም። የአንቺን ገዢ አድራሻ ጎግል ላይ ፈልጊው። መጋዘን ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ከመጋዘኑ ጋር ነው፤ ለገዢውም ይህን በደግ ቃል ንገሪው። መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሊሆን ይችላል።

ለሚቀጥለው ጊዜ፣ ውድ እቃ ያለ ፊርማ አትላኪ። እሽጉን አስረክበሽ ዝም ብለሽ አትውጪ፤ መረከባቸውን የሚያሳይ ደረሰኝ ይዘሽ ውጪ። መለያው (አድራሻ ያለበት ወረቀት) ታትሞ ገና ያልተረከቡት እቃ ትራኪንግ ላይ ቁጥሩ ብቻ ይታያል፤ መላክሽን አያረጋግጥልሽም። የታሸገውን እሽግ መለያው እየታየ ፎቶ አንሺው። የተቀባዩን ስልክ መለያው ላይ ጻፊ። ሳጥኑ ውስጥም የሁለታችሁን አድራሻ የያዘ ወረቀት አስገቢ፤ መለያው ተቀዶ ቢወድቅ ፖስታ ቤቱ ከፍቶ የባለቤቱን ስም የሚያገኘው ከዚያ ነው።

አሁን ዛሬ የምታደርጊው፦ ለአጓጓዡ ጥያቄውን አስገቢ፣ ለገዢው መልእክቱን ላኪ፣ ኢቤይ ላይ አቤቱታውን ከፍተሽ የትራኪንግ ቁጥሩ በትክክል መግባቱን አረጋግጪ። አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ሲስተሙ ምንም አያይልሽም። አጓጓዡ ሲመልስልሽ የተመዘገበው ቦታ ከአድራሻው ጋር መግጠም አለመግጠሙን እዚሁ ጻፊልኝ፣ የሌንሱንም ዋጋ ጨምሪበት። የገዢውን ስምና አድራሻ ግን እንዳትለጥፊ። ለኢቤይ የምትሰጪውን መልስ አብረን እናዘጋጀዋለን።