መልስ፦ በሮማ ዘመን የግሪክ ከተሞች የነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ማኅበራት ሥራቸው ምን ነበር?

ማኅበራቱ እንደ ዛሬው የሠራተኛ ማኅበር ለዋጋና ለደመወዝ ይታገሉ እንደ ነበር ጠይቀዋል። አልፎ አልፎ ይታገሉ ነበር፤ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ዳቦ ጋጋሪዎች ኤፌሶንን ባወኩ ጊዜ የሮማው አገረ ገዢ መሰብሰባቸውን በአዋጅ ከልክሏል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ላይ የተጻፈውን የብር ሠሪዎች ሁከትም ያስታውሱ ይሆናል።

የዕለት ተዕለት ኑሯቸው ግን ሌላ ነበር፦ አብሮ መብላት፣ አማልክትን ማክበር፣ ለከተማው ባለጸጎች ሐውልት ማቆም፣ አባልን በክብር መቅበር። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ዛሬ በቱርክ ውስጥ ባለችው በጥንታዊቷ ከተማ በሂራፖሊስ የሚገኘው፣ ግሊኮን የተባለ ሰው የመቃብር ጽሑፍ ነው። ግሊኮን መቃብሩ የአበባ ጉንጉን እንዲደረግለት ለሐምራዊ ቀለም ነካሪዎች 200፣ ለምንጣፍ ሸማኔዎች 150 ዲናር ትቶላቸዋል። ቀኖቹም የአይሁድ የቂጣ በዓልና ጰንጠቆስጤ፣ ከእነርሱ ጋር ደግሞ የሮማውያን አዲስ ዓመት ናቸው! በግሪክኛ የተጻፈ አንድ ድንጋይ ሦስት ባህል ይዟል።

ሮማውያን ግን ሙሉ በሙሉ አላመኗቸውም። የሮማ አገረ ገዢ የነበረው ፕሊኒ በሚያስተዳድረው ግዛት ባለችው በኒቆሜዲያ ከተማ 150 ሰዎች ያሉት የእሳት አጥፊዎች ማኅበር ይቋቋም ብሎ ቢጠይቅ፣ ንጉሠ ነገሥት ትራያን እንዲህ ያለው ስብስብ ወደ ፖለቲካ ቡድን ይለወጣል በማለት ከልክሎታል።