መልስ፦ በ72 ዓመት ክብደት ማንሳት

«የ72 ዓመት እናቴ ክብደት ቢያነሱ አይጎዱም ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አለማንሳታቸው ነው። ጡንቻ በዕድሜ ይሳሳል፤ ሲያሠሩት ግን ያገግማል። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ የቦስተን ጥናት፣ ዕድሜያቸው 90 ገደማ የሆነ አቅመ ደካማ አረጋውያን ለ8 ሳምንታት እግራቸውን በክብደት አሠርተው የጡንቻቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። በዘጠና ዓመት!

ጂም መሄድ የግድ አይደለም። ከጠንካራ ወንበር እጅ ሳይደገፉ 8 ጊዜ ያህል መነሣትና መቀመጥ፣ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን። ሲለምዱት ውኃ የተሞላ ጠርሙስ በየእጃቸው ይያዙ። ትንፋሻቸውን አፍነው አይግፉ፤ የደም ግፊት ይጨምራል። የልብ ሕመም ካለባቸው አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ። ወንበሩን ከግድግዳ ያስጠጉላቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም እባክዎ አጠገባቸው ይቁሙ።