ፓኬጅ ከማሳደግዎ በፊት ገመድ ይሰኩ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አምስቱም ጥያቄዎች ስለ ቤት ኢንተርኔት ናቸው። ከተላኩልን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያበቁት «ፓኬጁን ላሳድገው ወይ?» በሚል ነው። ለብዙዎቹ መልሳችን «ቆይ» ነው።

ጥያቄ፦ የምከፍለው ለ10 ሜጋ ነው። ፋይል ሳወርድ ኮምፒውተሬ ላይ የማየው ግን 1.2 ብቻ ነው። የቀረው የት ሄደ? (ከአያት፣ አዲስ አበባ)

የትም አልሄደም። አቅራቢዎች ፍጥነት የሚሸጡት በሜጋ ቢት ነው፤ ኮምፒውተርዎ የሚቆጥረው ደግሞ በሜጋ ባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 10 ለ8 ሲካፈል 1.25 ይመጣል። ከዚያም ላይ ትንሽ ለመላላኪያው ሥርዓት ይቀነሳል። 1.2 ካገኙ መስመርዎ ጤነኛ ነው፤ 700 ሜጋ ባይት የሆነ ፋይል 10 ደቂቃ አካባቢ ይፈጅብዎታል። ዩቲዩብ በ1080 ጥራት 5 ሜጋ ቢት፣ በፎርኬ (4K) ደግሞ 20 ያህል ይፈልጋል። ፎርኬ ቴሌቪዥን ከሌለዎት 10 ሜጋ ለትንሽ ቤተሰብ አያንስም።

ጥያቄ፦ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ነው፤ 25 ሜጋ ፋይበር አስገብተናል። ሳሎን ውስጥ ጥሩ ይሠራል። ላይ መኝታ ቤትና ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ግን ቴሌግራም እንኳ በስንት ልመና ነው። ባለቤቴ 50 እናድርገው ይላል። (ከአዳማ)

ገንዘቡን ይያዙት። ሳሎን ጥሩ ከሆነ መስመሩ ቤትዎ ድረስ በደህና እየደረሰ ነው፤ የሚጠፋው ከራውተሩ ወዲያ ነው። 50 ቢገባም የሚጠግበው ያው ሳሎኑ ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ላፕቶፕ ከራውተሩ ጋር በኔትወርክ ገመድ ያገናኙ። የላፕቶፑን ዋይፋይ ያጥፉ፣ ሌሎች ስልኮችና ቴሌቪዥኑም ለጊዜው ይላቀቁ። ከዚያ ስፒድ ቴስት ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ላይ ይሥሩ። ሦስቱም ጊዜ 23 እና ከዚያ በላይ ካሳየ አቅራቢው የሸጠልዎትን ሰጥቷል። ጠዋት 24 ሆኖ ማታ 9 ከሆነ ግን የተጨናነቀው የሰፈሩ መስመር ነው። ያኔ ቀንና ሰዓቱ የሚታይበትን ስክሪንሾት ይዘው ያመልክቱ፤ በዋይፋይ የተለካ ቁጥር ግን ክርክር ላይ አይረዳዎትም። ስፒድ ቴስት ራሱ ቅርብ ያለ ሰርቨር ስለሚመርጥ፣ ወደ ውጭ አገር ያለውን ፍጥነት ለማየት አንድ ጊዜ ደግሞ አውሮፓ ያለ ሰርቨር በእጅዎ መርጠው ይሞክሩ።

አሁን ወደ ራውተሩ። ፋይበሩ የገባበት ጥግ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወይም ቡፌ ውስጥ ከሆነ ያውጡት። ከወለል 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ የደረጃው ክፍት ቦታ በሚታይበት በኩል ይቀመጥ። ፌሮ ያለበት ሶሌታ፣ ትልቅ መስታወት፣ ቆርቆሮና ውኃ የሞላ ሮቶ ዋይፋይን ክፉኛ ያዳክማሉ። አንቴናዎቹ ከውጭ ከሆኑ አንዱን ቀጥ አድርገው ሌላውን ያጋድሙት፤ የቆመ አንቴና በብዛት የሚረጨው ወደ ጎን ስለሆነ ላይኛው ፎቅ በቂ አይደርሰውም። የፋይበሩን ቀጭን ገመድ ሲያንቀሳቅሱ ግን እንዳያጥፉት፤ ውስጡ መስታወት ነው። ከ3 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ በጠበበ ሁኔታ ከታጠፈ ብርሃኑ ሊፈስስ፣ ሎስ (LOS) የሚለው መብራትም ቀይ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ብራውዘር ላይ 192.168.1.1 ብለው ይግቡ። አድራሻው ሌላ ከሆነ ከይለፍ ቃሉ ጋር ከራውተሩ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ራውተሩ ዋይፋይ የሚያሰራጭባቸውን ሁለት ሞገዶች፣ 2.4 እና 5 ጊጋሄርዝን፣ በየስማቸው ይለያዩዋቸው። 5 ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን አይወድም፤ ለሳሎን ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ ይሁን። 2.4 ሩቅ ይሄዳል፣ ነገር ግን የጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ እዚያው ላይ ነው። የ2.4ን ቻነል ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱን ያድርጉት፤ እርስ በርስ የማይደራረቡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። የቻነሉ ስፋት 20 ሜጋሄርዝ ይሁን። ነጻ የዋይፋይ አናላይዘር አፕ ጎረቤቶችዎ የትኛው ላይ እንደተከማቹ ያሳይዎታል።

ይህ ሁሉ ሰርቪስ ቤቱን ላያድነው ይችላል። ሰው ያኔ ሪፒተር (ዋይፋይን ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ዕቃ) ይገዛል፣ ሲግናል የሌለበት ክፍል ውስጥ ይሰካዋል፣ ምንም የለም። ሪፒተር የሚደግመው የሚደርሰውን ነው። ርካሾቹ በዚያው ሬዲዮ ተቀብለው በዚያው ስለሚልኩም ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። የሚሻለው ገመድ ዘርግቶ አሮጌ ራውተር መጠቀም ነው፦

1. አሮጌውን ራውተር ብቻውን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝተው የራሱን አድራሻ ወደ 192.168.1.2 ይቀይሩ።
2. ዲኤችሲፒ (DHCP፣ ለየመሣሪያው አድራሻ የሚያድለው) የሚለውን ያጥፉ። ይህ ከተረሳ ሁለት ራውተሮች አድራሻ ያድላሉ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ግማሹ ስልክ «ተገናኝቷል» እያለ ኢንተርኔት ያጣል።
3. የዋይፋዩን ስምና ይለፍ ቃል ከዋናው ጋር አንድ ያድርጉ፤ ቻነሉን ግን ይለዩ፤ ዋናው 1 ከሆነ ይህኛው 6።
4. ገመዱን ከዋናው ራውተር ላን (LAN) ቀዳዳ ወደ አሮጌው ላን ቀዳዳ ይሰኩ፤ ዋን (WAN) በሚለው ቀዳዳ አይደለም።

ገመዱ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ይግዙ፤ ውስጡ ሙሉ መዳብ ይሁን። በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ርካሽ ነው፣ ሲታጠፍ ግን ይበጠሳል። በደጅ የሚያልፈውን በቧንቧ ያሳልፉት።

ጥያቄ፦ ልጄ ከዋሽንግተን ማታ ማታ ስትደውልልኝ ምስሉ ይደርቃል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። ፊልም ግን ያለ ችግር እናያለን። (ከባሕር ዳር)

ፊልም የሚመጣው ወደ እርስዎ ብቻ ነው፣ ለጥቂት ሰከንድ የሚበቃ አስቀድሞ ያጠራቅማል። የቪዲዮ ጥሪ ግን ከእርስዎም መውጣት አለበት፤ የሚታነቀውም በመውጫው፣ ማለትም በአፕሎድ በኩል ነው። ቤተሰብ ማታ ሲሰበሰብ ከስልኮቹ አንዱ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ በዋይፋይ ወደ ጉግል ፎቶስ መላክ ይጀምራል፣ መውጫውም ይዘጋል።

ቤት ካለ ልጅ አንዱ ጥሪው ሲበላሽ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ፒንግ (መልስ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ የሚለካ ትእዛዝ) ይሥራልዎት፦ አንዱ ለራውተሩ አድራሻ፣ አንዱ የጉግል ሰርቨር ለሆነው 8.8.8.8። ራውተሩ ከ5 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊመልስ ይገባል። እሱ ራሱ 80፣ 200 እያለ ከዘለለ ጥፋተኛው ዋይፋዩ ነው። ራውተሩ ሳይዘል በፍጥነት እየመለሰ ሁለተኛው ብቻ ወደ 800 ከወጣ መውጫው ሞልቷል። ባክአፕ የሚለውን በየስልኩ ያጥፉ፣ ሲተኙ ይከፈት። ራውተርዎ ኪውኦኤስ (QoS፣ መስመሩን ለየሥራው የሚያከፋፍል ማስተካከያ) ካለው ደግሞ የአፕሎድ ጣሪያውን ከተለካው 85 በመቶ ላይ ያድርጉት፤ ወረፋው አይጠራቀምም።

ትንሽ መዘግየት ግን አይጠፋም። ብርሃን በፋይበር 1,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 5 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል። ዋሽንግተን ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነች ደርሶ መልሱ ብቻ ከ110 በላይ ነው፤ ገመዱም ቀጥ ብሎ አይሄድም። 200 እና 250 ቢያዩ ብልሽት አይደለም።

ጥያቄ፦ በድሮው የስልክ መስመር ነው የምጠቀመው። ክረምት በገባ ቁጥር ይቆራረጣል። (ከደሴ)

ውኃ የመዳቡ መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የቤት ስልኩን አንስተው ያዳምጡ፤ ሽሽታ ወይም ኩርኩርታ ካለ ማስረጃዎ እሱ ነው፣ ብልሽቱንም «ስልኩ ይጮኻል» ብለው ያስመዝግቡ። ከዚያ በፊት ሞደሙን ገመዱ መጀመሪያ ከሚገባበት ሶኬት ላይ፣ ሌላ ስልክ ሁሉ ተነቅሎ ይሞክሩት። እዚያ ከተረጋጋ ችግሩ የውስጥ ገመድዎ ወይም ፊልተር (የስልኩንና የኢንተርኔቱን ምልክት የሚለይ ትንሽ ዕቃ) ያልተደረገለት ስልክ ነው። ሞደሙ ገጽ ላይ ኤስኤንአር ማርጂን (SNR margin፣ ምልክቱ ጫጫታውን ለመቋቋም ያለው ትርፍ) ከ6 ዲሲቤል በታች ከሆነ መስመሩ አይረጋጋም። ከስልክ ማዕከሉ 4 እና 5 ኪሎ ሜትር ከራቁ ደግሞ ፍጥነቱ ጥቂት ሜጋ ብቻ ነው፤ ፓኬጅ ማሳደግ ርቀቱን አያሳጥረውም።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ፋይበሩም ይጠፋል? (ከጅማ)

የሚጠፋው ቤትዎ ያለው ሳጥን ነው። መንገድ ላይ ያለው የፋይበር ማከፋፈያ መብራት አይፈልግም፤ ማዕከሉ መጠባበቂያ ካለው መስመሩ ሕይወት አለው። ለራውተር የሚሆን ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ትንሽ ባትሪ) ይግዙ። 8,800 ሚሊ አምፒር ሰዓት የተጻፈበት በ3.7 ቮልት ሲባዛ 32 ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ 8 ዋት ለሚበላ ሳጥን በወረቀት 4 ሰዓት፣ በተግባር 3 ይበቃል። ከመሰካትዎ በፊት የራውተሩን አዳፕተር ያንብቡ፦ 12 ቮልት ከሆነ ዩፒኤሱም 12 ላይ ይሁን፤ አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ ቢሆን ችግር የለውም። 9 ቮልቱ ላይ ከሰኩት መብራቱ በርቶ በየደቂቃው ሪስታርት ሊያደርግ ይችላል፣ ሰውም ኢንተርኔቱን ይወቅሳል።