ወፍ ዋሻን ካርታ ላይ ልታወጡ ለምትሄዱ

ልጆቼ፣ ቅየሳ ተምራችሁ ሰሜን ሸዋ፣ ወፍ ዋሻ ደን መስክ ልትወጡ ነው አሉኝ። ደስ ብሎኛል። ትንሽም ሰግቻለሁ።

እኔ እዚያ ደን ውስጥ ያፈርኩበት ቀን አለ። በእጄ የድሮው 1፡50,000 ቶፖ (የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ) ካርታ፣ በኪሴ አዲስ ጂፒኤስ ይዤ ነበር። ቁጥሩን አንብቤ ነጥቡን ካርታው ላይ ሳስቀምጠው ሸለቆ ውስጥ ጣለኝ። እኔ የቆምኩት ሸንተረሩ ላይ ነው! ዕቃው ተበላሽቷል ብዬ ግማሽ ቀን ስነጫነጭ ዋልኩ። ጥፋቱ የኔው ነበር። የድሮ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም፣ ማለትም የቦታ ቁጥር በሚነሳበት የመለኪያ መሠረት ነው፤ ጂፒኤሱ ካልነካካችሁት ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ ዳተም ላይ ነው ያለው። ልዩነቱ እኛ አገር ከ200 ሜትር ያልፋል። ካርታው ላይ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። ጣርማ በር አፋፍ ላይ ግን 200 ሜትር ብትስቱ እግራችሁ አየር ላይ ነው።

ተራራው እሳተ ገሞራ ደጋግሞ ያፈሰሰው ባዛልት የሚባል ድንጋይ ነው፤ መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ተነባብሯል። (ጂኦሎጂስቶች ለአንዱ የባዛልት ዓይነት ስም ያወጡለት በጣርማ በር ነው። እኔ በዚህ እኮራለሁ።) ጠንካራው ንብር ገደል ሆኖ ይቆማል፣ ለስላሳው ተሸርሽሮ እርከን ይሆናል። በየ20 ሜትሩ የምታሰምሩት ኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዘው መስመር) ታዲያ የ15 ሜትር ገደል ሊውጥባችሁ ይችላል። እኔን ያተረፈኝ ፍየል ጠባቂ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ በዚያ አይወረድም» አለኝ። ካርታዬ ግን ይወረዳል ይል ነበር።

ዛሬ ከሳተላይት የከፍታ መረጃ በነፃ ታወርዳላችሁ። በ1992 ዓ.ም. የካቲት መንኮራኩር በራዳር የለካው ዛሬም ይሠራል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ራዳሩ ጥቅጥቅ ያለ ደን ሲያገኝ አፈሩ ድረስ አይዘልቅም፣ ቅጠሉና ቅርንጫፉ መሃል ይቀራል። ድሮንም ፎቶ የሚያነሳው የዝግባውን አናት ነው። ስለዚህ የጽድና የዝግባ ዛፉ አልቆ እርሻው የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ኮንቱሮቹ ድንገት ይጠጋጋሉ። መሬት ላይ የሌለ ገደል ይፈጠራል ማለት ነው። ላይዳር (በሌዘር ጨረር የሚለካ መሣሪያ) ካገኛችሁ በቅጠሉ ክፍተት እያሾለከ መሬቱን ይነካላችኋል፤ ውድ ነው እንጂ። ካላገኛችሁ ጠርዙን በእግር ሂዱበት፣ የዛፎቹንም ቁመት ለኩ።

የቦታ ስም ስትጠይቁ አንድ ሰው አይበቃም። ከላይ ያለውና ከታች ያለው ለአንዱ ወንዝ ሁለት ስም ሊኖራቸው ይችላል። ሁለቱንም ጻፉ።

በእርሳስ ጻፉት ደግሞ። ጉሙ ሲወርድ የእስክሪብቶ ቀለም ይፈስሳል።