መሪው በቀኝ በኩል ነው፣ አይዞሽ

ባለፈው እትም ትንሽ ደሴት ላይ መኪና ተከራይቶ ስለመንዳት ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ጻፋችሁ፣ ያውም ብዙ። የሚመሳሰሉትን አጣምሬ አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ ቆይቻለሁ፤ እኔም እዚያው ላይ ተሳስቼ ስለማውቅ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። በሚቀጥለው ወር ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ሲሼልስ፣ ማሄ ደሴት ልንሄድ ነው። መኪና መከራየት አስበናል፣ የምነዳውም እኔ ነኝ። እዚያ ግን በግራ ነው የሚነዳው አሉኝ። እኔ 12 ዓመት ሙሉ በቀኝ ነው የነዳሁት። ባለቤቴ «30 ኪሎ ሜትር ርዝመት እንኳ የሌላት ደሴት ምን ታስፈራሻለች?» እያለ ይስቅብኛል። እውነት ያን ያህል ቀላል ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ግማሹን ልክ ነው። በግራ መንዳት ራሱ ከባድ አይደለም፤ ቶሎ ይለመዳል። የመጀመሪያው ቀን ደግሞ ፍርሃቱ ራሱ ይጠብቅሻል። ሬዲዮ ትዘጊያለሽ፣ ልጆቹን ዝም ታሰኛለሽ፣ አንገትሽን አስግገሽ ትነጃለሽ። እኔን የሚያስፈራኝ ሦስተኛውና አራተኛው ቀን ነው። ያኔ ለምደሻል፣ አየሩ ጥሩ ነው፣ ደሴቷም ትንሽ ናት፣ ምን ይመጣል ትያለሽ።

የእኔን ልንገርሽ። በግራ የሚነዳበት ደሴት ላይ አራተኛ ቀኔ ነበር። በጠዋት ነዳጅ ቀዳሁ፣ ውሃ ገዛሁ፣ መኪናዬን አስነስቼ ከማደያው ወጣሁ። መንገዱ ላይ አንድም መኪና የለም። ቀኜን ይዤ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ እየተዝናናሁ ምናልባት ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሄድኩ። ኩርባው ጋ አንድ ሽማግሌ ብስክሌታቸውን እየገፉ ይመጣሉ፣ የብስክሌቱ መሪ ላይ ሁለት ዓሣ በገመድ ተንጠልጥሏል። አዩኝና ሳይጮኹ፣ ሳይቆጡ፣ መዳፋቸውን አንስተው በር እንደሚዘጋ ሰው ቀስ አድርገው ወደ ሌላኛው በኩል ገፋ አደረጉት። ያኔ ነቃሁ። ወደ ግራ ገብቼ ብዙም ሳልርቅ አውቶቡስ ከኩርባው ብቅ አለ። የገዛሁትን ውሃ መንገድ ዳር ቆሜ ጨረስኩት።

ስህተቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። ቆመሽ ስትነሺና መንገዱ ባዶ ሲሆን። ሌላ መኪና ካለ ፊት ፊትሽ ያለውን ትከተያለሽ፤ ባዶ ሲሆን ግን የሚነዳው የድሮው ልማድሽ ነው። ስለዚህ ከማደያ፣ ከባሕር ዳርቻ፣ ከሆቴል በር በወጣሽ ቁጥር ባለቤትሽ ከጋቢና ሆኖ ጮክ ብሎ «ግራ!» ይበል። ያስቃል፣ ይሁን። ልጆቹም አብረው ይጮኹ፣ ሥራ ያገኛሉ።

አንድ ሌላ ነገር ያዢ፦ መሪው በቀኝ ስለሆነ የመንገዱ መሀል መስመር ያለው በአንቺ በኩል ነው። በአንቺ መስኮት በኩል ሣር ወይም የሰው አጥር ካየሽ ተሳስተሻል ማለት ነው። (ይቺ ዘዴ የማትሠራበት ቦታም አለ። የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ላይ የሚነዳው በግራ ሆኖ የአብዛኞቹ መኪኖች መሪም በግራ ነው። እዚያ ለምትሄዱ እግዜር ይርዳችሁ።) አደባባይ ስትደርሺ ወደ ግራ ገብተሽ ሰዓት እንደሚዞረው ትዞሪያለሽ፤ ቅድሚያ የምትሰጪው ከቀኝሽ ለሚመጣው ነው።

መኪናውን አውቶማቲክ አድርጊው። ማንዋል ከሆነ ማርሹን የምትቀይሪው በግራ እጅሽ ነው፣ ቀኝ እጅሽ ደግሞ ስንት ጊዜ በሩን እንደሚመታ ታያለሽ። መሪያቸው በቀኝ የሆነ ብዙ የጃፓን መኪኖች ደግሞ ፍሬቻቸው በቀኝ እጅ በኩል ነው። ለመታጠፍ ባሰብሽ ቁጥር የዝናብ መጥረጊያው ይነሳል። በጠራራ ፀሐይ መስታወት የሚጠርግ መኪና ካየሽ ሹፌሩ እንግዳ ነው።

አሁን ሰው የማይነግርሽን ልንገርሽ፣ የግራ ጎማሽን። በግራ የተቀመጠ ሹፌር የለመደው አብዛኛው የመኪናው አካል በቀኙ መሆኑን ነው። መሪው ሲቀየርበት ሳያውቀው ወደ ግራ ይጠጋል። ማሄ ላይ ደግሞ ብዙ ቦታ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ጠርዙ ላይ ጥልቅ የውሃ ቦይ አለ፣ መከላከያ የሌለው ቦታም ሞልቷል። ለዚህ የግራውን ስፖኪዮ ትንሽ ዝቅ አድርጊውና የኋላ ጎማሽ ጫፍ ይታይሽ። ከዋና ከተማዋ ከቪክቶሪያ ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ተራራውን አቋርጠሽ የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ፣ የደሴቷ ትልቁ ተራራ 905 ሜትር ነው፣ ቁልቁለቱን ፍሬን እንደረገጥሽ አትውረጂ። ፍሬኑ ይግልና ኃይሉን ያጣል። አውቶማቲክም ቢሆን ከ«ዲ» ወደ ዝቅተኛው ማርሽ፣ ወደ «ኤል» ወይም ወደ «2» አውርጂው፣ ሞተሩ ይይዝልሻል።

መንገድ በእግር ስትሻገሩም መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። የልጆቹን እጅ ያዢ።

ጥያቄ፦ ጉድ ሆኜ ነው የምጽፍልህ። አንድ ደሴት ላይ መኪና ስከራይ «ሙሉ ኢንሹራንስ አለው» ብለውኝ ፈረምኩ። ስመልስ አንዱ በመኪናው ሥር በስልኩ መብራት አየና «ሻንሲው ተፍቋል» አለ። ከካርዴ ላይ ቆረጡ። ሙሉ ማለት ምን ማለት ነው ታዲያ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ሙሉ» የሚለው ቃል ከአፍ ነው የሚወጣው፣ ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ የለም። ከኪራዩ ጋር የሚመጣው የግጭት ጉዳት ሽፋን ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛው፣ አደጋ ሲደርስ የመጀመሪያውን ይህን ያህል ገንዘብ የምትከፍለው አንተ ነህ። ካርድህ ላይ ብር የሚያስይዙህም አብዛኛውን ጊዜ ለዚሁ ነው። ሁለተኛው፣ የማይሸፍናቸው ነገሮች አሉ፦ ጎማ፣ ቸርኬ፣ መስታወት፣ ጣሪያ፣ የመኪናው ሆድ። እስቲ አስበው፣ ኮረኮንችና ጠባብ ግንብ ባለበት ደሴት ላይ የሚጎዳው ምኑ ነው? ልክ እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ፦ «የማይሸፍነው የቱ ነው? በጽሑፍ አሳየኝ።» አስፋልት ካልሆነ መንገድ ላይ መንዳትን የሚከለክል ውልም ብዙ ነው። መኪናውን በጀልባ ወደ ጎረቤት ደሴት ማሻገርም እንዲሁ፤ በጽሑፍ ካልተፈቀደልህ ኢንሹራንሱ ወደቡ ላይ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ቪዲዮ። ፎቶ ሳይሆን ቪዲዮ፣ ሳታቋርጥ፣ ቁልፉን በተቀበልክበት ቦታ። ዙሪያውን፣ ጣሪያውን፣ አራቱን ቸርኬ ከቅርብ፣ ከዚያ ስልክህን ዝቅ አድርገህ ሆዱን። የነዳጁን ጌጅና ኪሎ ሜትሩንም አንሳ። ስኮርታውና ክሪኩ መኖራቸውን እይ። የአከራዩ ሠራተኛ ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል፣ ይቁነጥነጥ። ስትመልስም ያንኑ ድገም። የሌሊት በረራ ኖሮህ ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ጥለህ የምትሄድ ከሆነ በተለይ አትለፈው፣ ያኔ አጠገብህ ምስክር የለም።

መንጃ ፈቃድ ስለጠየቃችሁኝም እዚሁ ልመልስ። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚባለው የመንጃ ፈቃድህ ትርጉም እንጂ ምትኩ አይደለም፤ ዋናው አብሮ መያዝ አለበት። መሠረቱ የ1949 የጄኔቫና የ1968 የቪየና ስምምነት ነው፣ ሁሉም አገር ሁለቱንም አይቀበልም። የትኛውን እንደሚፈልጉ አከራዩን በጽሑፍ ጠይቀህ ከመነሳትህ በፊት አውጣ፣ ምክንያቱም የሚሰጥህ መንጃ ፈቃድህን ያወጣህበት አገር ነው።

ጥያቄ፦ መኪና ይሻላል ወይስ ስኩተር?

መልስ፦ ሞተር ነድተህ የማታውቅ ከሆነ ስኩተርን በዕረፍትህ አትማረው፣ ያውም በነጠላ ጫማና በቁምጣ። የጉዞ ኢንሹራንስህንም አንብበው፣ ብዙዎቹ የሞተር መንጃ ፈቃድ ከሌለህ ሕክምናህን አይከፍሉም። አንዳንዱ ደሴት ደግሞ ከሁለቱም ይገላግልሃል። የግሪኳ ሃይድራ ላይ መኪና ክልክል ነው፣ ሰውም ዕቃም በአህያና በበቅሎ ይሄዳል። ሲሼልስ ውስጥ ላ ዲግ ላይ አብዛኛው ሰው በብስክሌት ነው። ቤርሙዳ ለጎብኚ የተለመደውን መኪና አታከራይም፣ ያለው ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ የፍጥነቱ ወሰንም በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ነው፣ ማን ይቸኩላል!

ጥያቄ፦ ስኮትላንድ ደሴቶች ላይ መንገዱ ለአንድ መኪና ብቻ ነው አሉኝ። ከፊቴ ሌላ መኪና ሲመጣ ማነው ወደ ኋላ የሚመለሰው? በጎችም መንገድ ላይ ይተኛሉ አሉ።

መልስ፦ እውነት ነው፣ በጎቹም ይተኛሉ። መንገዱ ዳር በየተወሰነ ርቀት ሰፋ ያለ ማሳለፊያ አለ። ከፊትህ መኪና ስታይ ለማሳለፊያው የቀረበው ይጠብቃል። ማሳለፊያው በግራህ ከሆነ ግባበት። በቀኝህ ከሆነ አትሻገር፤ ትይዩው ላይ ቆመህ ጠብቅ፣ የሚመጣው ራሱ ዞሮህ ያልፋል። ዳገት ለሚወጣው ቅድሚያ ስጠው። ካለፈህ በኋላ እጅ ማንሳት አለ፣ አንድ ጣት ከመሪው ላይ ብድግ ብታደርግም ይበቃል። ማሳለፊያው ላይ ግን ፎቶ ለማንሳት ብለህ እንዳትቆም። ከኋላህ የቸኮለ ከመጣም ገባ ብለህ አሳልፈው፣ ለአንተ መዝናኛ ነው፣ ለእሱ ግን ወደ ሥራ የሚሄድበት መንገድ ነው።

በግ ካየህ ቀስ በል፣ በተለይ ጠቦትና እናቱ መንገዱን ለሁለት ከከፈሉት። ጠቦቱ የሚሮጠው ወደ እናቱ ነው፣ በመኪናህ ፊት ለፊት አድርጎ። ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ የሚመጣ የመጀመሪያ ዝናብ ደግሞ ያንሸራትታል፣ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ገና አልታጠበም።

ሌላው የጀልባው ሰዓት ነው። ሰው በእንደዚህ ዓይነት መንገድ ላይ የሚያብደው የመጨረሻው ጀልባ ሊሄድ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው። አንተ አንድ ሰዓት ቀድመህ ወደብ ድረስ፣ እዚያው ሻይ ትጠጣለህ። ነዳጅም ግማሽ ሲደርስ ቅዳ፤ ማደያው አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ እሑድ ደግሞ ዝግ ሊሆን ይችላል።